«መስሎኝ ነበር» ብላቸው ይበቃል?

«ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በመሥሪያ ቤታችን 12 ሆነን በወር 4,000 ብር ዕቁብ እንጥላለን። ገንዘብ ያዣችን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባልደረባችን ናቸው። ጥቅምት ላይ ዕጣው ለእኔ ወጣ። 48,000 ብር መሆን ሲገባው ቤቴ ገብቼ ስቆጥረው 44,000 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩት፣ ያው ነው። መጠየቅ አፈርኩ። ዝም ብዬ ታዘብኳቸው። በሳምንቱ ግን ቡና ላይ ለሁለት ጓደኞቼ ‹እትዬ የእጅ አመል አለባቸው መሰለኝ› አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬ ቀዘቀዘ። እትዬም ጥር ላይ ‹ደክሞኛል› ብለው ገንዘብ ያዥነቱን ተዉት።

ባለፈው ሳምንት ለብድር ጉዳይ የባንክ ስቴትመንት አወጣሁ። ዕቁቡን በወሰድኩበት ቀን 4,000 ብር ገብቶልኛል። የላከችው ያን ሰሞን ፈቃድ ላይ የነበረችው የዕቁቡ አባል ናት። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እትዬ ፖስታውን ሲሰጡኝ ‹የአንዷ በባንክ ይገባልሻል› ብለውኝ ነበር። እኔ ስልክ እያወራሁ ነበር፤ ራሴን ነቅንቄ ሄድኩ። አሁን እንቅልፍ አጣሁ። ‹ይቅርታ እትዬ፣ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር› ብዬ ቴክስት ጽፌ ሦስቴ አጠፋሁት። ምን ብዬ ልጀምር? ተሳሳትኩ ብል ይበቃል? ደግሞስ ሐሜቱን ካልሰሙ፣ መንገሬ እሳቸውን ማቁሰል አይሆንም?»

እህቴ፣ ያን ቴክስት ሦስቴ ማጥፋትሽ ደስ ብሎኛል። እጅሽ እምቢ ያለው በከንቱ አይደለም። ቃሉ ልክ ስላልመጣለት ነው።

«መሰለኝ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ቀረብ ብለሽ እዪው። ምስል፣ ምሳሌ፣ መሳይ፣ ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። «መሰለኝ» ስትዪ የመሰለው ነገሩ ነው። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ቆመሽ ነበር፣ አንድ ምስል መጣብሽ፣ አበቃ። ለዕለት ወሬ ደግ ቃል ነው። «ሱቁ የተዘጋ መስሎኝ»፣ «ዛሬ ሐሙስ መስሎኝ» እንላለን፣ ማንም አይጎዳም። የሰው ስም ሲነሳ ግን ቃሉ ይጠብባል። «መስሎኝ ነበር» ስትያቸው ጥፋቱን ለምስሉ ሰጥተሽ አንቺ ከጎን ትቆሚያለሽ።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ ይህ ቃል ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ ቴክስቱ ላይ፣ ሌላው ቡናው ላይ። «የእጅ አመል አለባቸው መሰለኝ»። ያቆሰልሽበትን ቃል ነው ለይቅርታ ያነሳሽው። እትዬ ይህን ባያውቁም አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለዚህ ይመስለኛል እጅሽ ያልታዘዘሽ።

«ተሳሳትኩ» ከዚህ ይሻላል። ሥሩ «ሳተ» ነው፣ ግእዙ «ስሕተ»። መንገድ ሳተ እንላለን፣ ዒላማ ሳተ እንላለን። የሚደረስበት እውነት ነበረ፣ እኔ ግን በሌላ በኩል ሄድኩ ማለት ነው። ጥሩ ቃል ነው። ግን በጣም ሰፊ ነው። ስልክ ቁጥር የተሳሳተም፣ የባስ ፌርማታ የተሳሳተም «ተሳሳትኩ» ይላል። እትዬ ፊት ብቻውን ይዘሽው ብትሄጂ ስትቆጥሪ የተሳሳትሽ ነው የሚመስለው። አንቺ ደግሞ በቆጠራው አልተሳሳትሽም። ሁለቴ ቆጥረሻል፣ ሁለቴም ልክ ነበርሽ። ፖስታው ውስጥ የነበረው በእርግጥ 44,000 ነው። መንገድ የሳትሽው ከቁጥሩ ተነስተሽ ወደ ሰው ስትሻገሪ ነው። ይቅርታሽ ያቺን መሻገሪያ በስሟ ካልጠራት ሌላ ነገር ላይ ነው ይቅርታ የምትጠይቂው።

«ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» እንዳትዪ ደግሞ አደራ። ሰው ሲጨንቀው ይቺን ይላታል፣ አዛውንቶችም ይቀበሏታል። ግን «ተሳሳትኩ»ን ወደ «አሳሳተኝ» ስትቀይሪው ጥፋቱን እንደገና ለሌላ ሰጠሽው።

«ጠረጠርኩ»ስ? እዚህ ላይ ልከላከልልሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ይህን ተረት አልጠላውም። ገንዘብ ሲጎድል መጠርጠር ያለ ነው። ዕቁብ ላይ ዋስ የምንጠራው ለምንድነው? ቀድሞ የወሰደ ሰው መጣሉን ቢያቆምስ ብለን ነው። ዋስ አምጣ የተባለ ሰው ተሰደብኩ ብሎ አይቀየምም። ጥርጣሬ ፊት ለፊት ከወጣ ጥያቄ ነው፣ ጥያቄ ደግሞ መልስ ያገኛል። ያንቺ ጥርጣሬ እስከ እትዬ ጠረጴዛ ድረስ ቢሄድ ኖሮ በማግሥቱ ያልቅ ነበር። «እትዬ፣ 4,000 ጎደለብኝ እኮ።» «አንቺ ልጅ፣ የአንዷ በባንክ ይገባልሻል አላልኩሽም?» ከዚያ ስልክሽን አይተሽ፣ ስቃችሁ፣ ወደየሥራችሁ።

አፈርኩ ብለሻል። ይገባኛል። ታላቅን ሰው ስለ ብር መጠየቅ በእኛ ዘንድ ይከብዳል። ግን እዪው፣ ለመጠየቅ አፈርሽ፣ ለማማት ግን አላፈርሽም። ይህን የምልሽ ላሳቅቅሽ አይደለም። ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን። ፊት ለፊት መጠየቅን ድፍረት፣ ከኋላ ማውራትን ጭውውት አድርገን ነው ያደግነው።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ግን «ዝም ብዬ ታዘብኳቸው» ያልሽው ነው። ትዝብት ከባድ ቃል ነው። ማየት ብቻ አይደለም። አይቶ፣ በልብ ፈርዶ፣ ለተፈረደበት ሰው ሳይነግሩ መቀመጥ ነው። ትዝብት ነው ትርፉ ስንል የሰው ዓይን ውስጥ ዝቅ ማለት ገንዘብ ከማጣትም ይብሳል ማለታችን ነው። ክፋቱ ደግሞ ጨዋነት ይመስላል። «አልተናገርኩም፣ ታዝቤ ዝም አልኩ» የሚል ሰው እንደ ታጋሽ ይቆጠራል። የተጣላሽ ሰው ቢያንስ ይመልስልሻል። የታዘብሽው ሰው ግን ምን መልስ አለው? መከሰሱንስ መች አወቀ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ ለተከሰሰ ሰው የዘረዘራቸው መብቶች አሉ። ክሱ በዝርዝር ይነገረዋል። ማስረጃውን ያያል። ፍርድ እስኪሰጥ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ይህ ባንክ ዘርፏል ተብሎ ለተያዘ ሰውም ነው። እትዬ በአንቺ ልብ ውስጥ ከጥቅምት ጀምሮ ያን ያህል እንኳ አላገኙም።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለው። «ፈረደ» ብቻውን ወገን የለውም። አንዲት ፊደል ስትገባበት ግን ጎራ ይለያል። ፈረደላቸው፣ ፈረደባቸው። አንቺ ስትፈርጂባቸው ነው የከረምሽው። አንዴ «ባ» ከገባች ደግሞ የሚመጣው ሁሉ ለእሷ ምስክር ይሆናል። አዲስ ነጠላ ለብሰው ቢመጡ «ከየት አምጥተው?» ሳትዪ አልቀረሽም። ዝም ቢሉ «ሕሊናቸው ወቅሷቸው ነው»፣ ቢስቁ «አያፍሩም» ብለሽ ይሆናል። ገንዘብ ያዥነቱን ሲተዉስ? «ተነቃብኝ ብለው ነው» አላልሽም? ካላልሽ ደስ ይለኛል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ማለቴ አይቀርም ነበር።

በአጤ ምኒልክ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፣ ጌታው ገመዱን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ በየደጁ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ፣ ክፈል» ይባላል። ሰውየው ምን ብሎ ይከራከራል? የከሰሰው ሰው የለ። ያየ የለ። አንድ የደነዘዘ ልጅ ደጁ ላይ ወደቀበት፣ ያ ነው ማስረጃው። ይህ ልማድ ከቀረ ቆይቷል። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ግን ያ ልጅ ነው የታየኝ። ብሩ ሲጎድልብሽ ጥርጣሬሽ ተንገዳግዶ ሄዶ ከሁሉ ቅርብ የነበረው ደጅ ላይ ወደቀ። ገንዘቡን የያዙት እሳቸው ናቸዋ! ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረሽም።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ታክሲ ተሳፍሬ ለረዳቱ 100 ብር ሰጠሁት። 16 ዓመት ቢሞላው ነው። ልወርድ ስል መልሴን ጠየቅኩት። «ሰጥቻለሁ እኮ፣ ማርያምን» አለኝ። «እናንተን ማን ያምናል?» አልኩት። እናንተ። አንድ ልጅ ነው ፊቴ የቆመው፣ እኔ ግን «እናንተ» አልኩ። ተሳፋሪው በእኔ ወገን ሆኖ አጉረመረመ። ልጁ ፊቱ ደም መሰለ። ከያዘው ብር ቆጥሮ መልሱን ደግሞ ሰጠኝና በሩን ዘጋ። ቤት ገብቼ ሹራቤን ሳወልቅ የመጀመሪያው መልስ ከኪሴ ተጣጥፎ ወደቀ። ማታ ለሾፌሩ ሒሳብ ሲያስረክብ የጎደለው ከማን ድርሻ እንደተቆረጠ አሰብኩ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሄድኩ። በሳምንቱም ሄድኩ። አላገኘሁትም። ዛሬም ሜክሲኮ ሳልፍ የረዳቶቹን ፊት አያለሁ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ባገኘውም አላውቀውም።

አንቺ ግን እትዬን የምታገኚበት ቢሮ አለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ካልሰሙ ልንገራቸው ወይ ብለሻል። በልብሽ ብቻ ይዘሽው ቢሆን ኖሮ «አትንገሪያቸው» እልሽ ነበር። በሐሳብ ብቻ የበደልነውን ሰው ሄዶ «እንዲህ አስቤብህ ነበር» ማለት የራሳችንን ሸክም ሌላው ላይ መጣል ነው። ያኔ ሰላምታሽን አሙቀሽ፣ ክብራቸውን መልሰሽ፣ ከልብሽ ጋር ትጨርሺው ነበር። ያንቺ ግን ከአፍ ወጥቷል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለት ሰው ሰምቷል፣ ሁለቱ ለስንት እንዳወሩት ደግሞ አታውቂም። ሰላምታሽ መቀዝቀዙንም እትዬ አላዩም አትበይኝ። ጥር ላይ «ደክሞኛል» ያሉት እውነት ደክሟቸው ሊሆን ይችላል። ሰምተውም ሊሆን ይችላል። አንቺ እዚህ ላይ እንደገና ግምት ውስጥ አትግቢ፣ በግምት ነው እዚህ የደረስሽው። ዛሬ ባይሰሙ ነገ ከሌላ አፍ ይሰማሉ። ከአንቺ አፍ ይስሙት፣ ከነመፍትሔው።

ስለዚህ ትክክለኛው ቃልሽ «አማሁዎት» ነው። ከእሱ ቀጥሎ «በደልኩዎት»። ይከብዳሉ፣ አውቃለሁ። ስም ማጥፋት ያልነው እኮ ራሱ «ጠፋ» ከሚለው የወጣ ነው። ጠፋ ያልሽው ብር ባንክ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ቡናው ላይ የጠፋው የእትዬ ስም ነው። ገንዘብ ያዥ ደግሞ ከስሙ ሌላ ምን አለው? የመሥሪያ ቤት ዕቁብ በማኅተም አይሠራም። 12 ሰው በየወሩ ብሩን አምጥቶ የሚሰጣቸው እሳቸው ስለሆኑ ነው።

መጀመሪያ እትዬ ጋር አትሂጂ። መጀመሪያ ሁለቱ ጓደኞችሽ ጋር ሂጂ። እዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው። «ያን ቀን ስለ እትዬ ያልኩት ሐሰት ነው። ብሩ በባንክ ገብቶልኝ ነበር። እሳቸውም ነግረውኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» በያቸው። ስቴትመንቱን አሳያቸው። «ለማን አወራችሁት?» ብለሽም ጠይቂ። ለሌላ ሰው ካወሩት እዚያም እውነቱ እንዲደርስ አንቺው ነሽ የምትከታተይው። እትዬ «ለማን ነው ያማሽኝ?» ካሉሽ ስማቸውን እንደምትነግሪያቸውም ለሁለቱ ቀድመሽ አሳውቂያቸው፣ አትደብቂያቸው።

ከዚያ ወደ እትዬ። በቴክስት አይሆንም። ቡና የሚጠጣበት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበትም አይሆንም፤ ሰው ፊት ከሆነ «ኧረ ምንም አይደለም» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖራቸውም። ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቂያቸው። ስጦታም ይዘሽ አትሂጂ፣ ሽቶና ነጠላ ለሌላ ቀን ይሁን። ቁጭ ብለሽ ይህንን ወይም ይህን የመሰለ በያቸው፦

«እትዬ፣ ጥቅምት ላይ ዕቁብ ሲደርሰኝ 4,000 ብር ጎደለ ብዬ እርስዎን ጠረጠርኩ። ሳልጠይቅዎት ለሁለት ሰው አማሁዎት። ብሩ ያኔውኑ በባንክ ገብቶልኝ ነበር። እርስዎም ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ለሁለቱም እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚህ አታስረዝሚው። «ያን ሰሞን ተጨንቄ ነበር»፣ «የቤት ኪራይ ጨምረውብኝ» አይግባበት። እውነት ቢሆንም እንኳ ያን ሰዓት የሚሰማው እንደ ሰበብ ነው። «ካስቀየምኩዎት» የሚል «ካ»ም አይኑርበት። አስቀይመሻቸዋል፣ «ካ» የለውም።

«ይቅር» ከ«ቀረ» ነው የመጣው። ነገሩ ይቅር፣ ይተው ማለት ነው። ይህን ቃል የሚለው ደግሞ የተበደለው ሰው ነው። «ይቅር ይበሉኝ» ስትያቸው ያቺን ቃል እሳቸው እንዲሉልሽ ነው የምትለምኛቸው። ልመና ነው፣ ሊሰጡሽም ላይሰጡሽም ይችላሉ። ምናልባት «አፉ ብያለሁ ልጄ» ብለው በዚያው ይጨርሱታል፤ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ምናልባት ያለቅሳሉ። ምናልባትም «ሰምቼ ነበር» ይሉሻል። ይህ ከመጣ በጣም ያምሻል፣ ግን አትከላከዪ። የሚሉትን ሁሉ ስሚ። ዝም ካሉም ዝም በዪ። «እንግዲህ ይቅር አሉኝ ማለት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። በማግሥቱ እንደ ድሮው ቆም ብለሽ «እትዬ እንደምን አደሩ» በዪ። አጸፋው ቀዝቃዛ ቢሆንም በሚቀጥለውም ቀን በዪ። አንቺ ወራት ሙሉ ቀዝቃዛ ሰላምታ ሰጥተሻቸዋል፣ ትንሽ ጊዜ ቢወስድባቸው አይገርምም።

ገንዘብ ያዥነቱን እንዲመልሱ ግን አትለምኛቸው። ያ የእሳቸው ጉዳይ ነው። አዲስ ዕቁብ ስትጀምሩ ሰው «ማን ይያዝ?» ሲል ግን አንቺ ቀድመሽ ስማቸውን ጥሪ። ሁለቱ ጓደኞችሽም እዚያው ይሆናሉ፣ ይሰሙሻል።

ለጓደኞችሽ እስከ ሰኞ አታቆዪው። ዛሬ ማታ ደውዪላቸው።